ከምድር ውጪ ሕይወት አለ ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ህዋ ወሬ ሲነሳ ሰው የሚጠይቀው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ትምህርት ቤትም። ብዙ የሚነሱትን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እሺ፣ በአጭሩ ንገረን፦ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም?

አልተገኘም። ከምድር ውጪ አንዲት ባክቴሪያ እንኳ እስካሁን አልተገኘችም። «ሕይወት ተገኘ» የሚል ርዕስ ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ የተገኘው ሌላ ነገር ነው። ውሃ ነው፣ ወይ ጋዝ ነው፣ ወይ ለሕይወት የሚመች የሚመስል ቦታ ነው። እነዚህም ትልልቅ ግኝቶች ናቸው። ግን ቤቱን ማግኘትና ባለቤቱን ማግኘት ይለያያል።

በዚህ ፍለጋ ውስጥ አንድ የሚያጓጓ ነገር ማየት ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ያዩት ነገር የሕይወት ሥራ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከታች ያለው መልስ ሁሉ እየዞረ ወደዚህ ይመለሳል።

ማርስ ላይ የነብር ቆዳ የሚመስል ድንጋይ ተገኘ የተባለውስ?

እሱ እውነት ነው። እስከ ዛሬ ከማርስ ከሰማነው ሁሉ በጣም ያጓጓኝም እሱ ነው።

ፐርሲቪራንስ የተባለችው የአሜሪካ የህዋ ተቋም የናሳ ሮቨር (መሬት ላይ የምትዘዋወር ሮቦት) በየካቲት 2021 ጄዜሮ የሚባል ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ላይ አረፈች። ቦታው የተመረጠው ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ሐይቅ ስለነበረ ነው። ወንዝ ይገባበት ነበር፤ ወንዙ ያመጣው ደለል ዛሬም ከላይ ሲታይ ቅርጹ ይለያል። በሐምሌ 2024 ሮቨሯ በጥንቱ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ስትጓዝ አንድ ቀላ ያለ ድንጋይ አገኘች። ቼያቫ ፎልስ ብለው ሰየሙት። ላዩ ላይ መሐላቸው ፈዘዝ ያለ፣ ዙሪያቸው በጠቆረ መስመር የተከበበ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ። የነብር ነጠብጣብ የተባለው ለዚህ ነው።

ሲመረመር ጠቆር ያለው ክፍል ውስጥ ሁለት ማዕድናት ተገኙ። አንዱ ቪቪያናይት ነው፤ ብረትና ፎስፌት ያለበት። ሌላው ግሬጋይት ነው፤ ብረትና ድኝ ያለበት። ድንጋዩ ውስጥ የካርቦን ውህዶችም አሉ። እዚህ ምድር ላይ ቪቪያናይት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ረግረግ ውስጥ፣ የበሰበሰ ነገር አካባቢ ነው። ግሬጋይትን ደግሞ የሚሠሩ ረቂቅ ህዋሳት አሉ። ማለትም ምድር ላይ ቢገኝ ኖሮ «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ሲበላ ነበር» እንል ነበር።

ጥናቱ በመስከረም 2025 ሲወጣ ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት ቃል ግን ቁጥብ ነበር። «የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል» ነው ያሉት። እነዚህ ማዕድናት ያለ ሕይወትም ይሠራሉ። ያ እንዲሆን አብዛኛውን ጊዜ ኃይለኛ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህ ድንጋይ ደግሞ በሙቀት የተጠበሰ አይመስልም። ቢሆንም ሳይንስ የማያውቀው ሌላ የኬሚስትሪ መንገድ ሊኖር ይችላል።

ሮቨሯ ከድንጋዩ ላይ ቆፍራ ናሙና ወስዳለች። ናሙናው ትንሽ ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ማርስ ላይ ነው ያለው። ቁርጡን ለማወቅ ወደ ምድር መጥቶ በትልልቅ ቤተ ሙከራዎች መታየት አለበት። እዚህ ጋ ነው ልቤ የሚያዝነው። ናሙናዎቹን ለማምጣት የታቀደው ተልዕኮ ወጪው እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ዕቅዱ ተንገዳግዷል። የሰው ልጅ ትልቁን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ዕቃ ታሽጎ ተቀምጦ፣ የሚያመጣው ጠፋ።

ናሳ ከዚህ በፊትም «አገኘን» ብሎ አልነበረም እንዴ?

ሁለት ጊዜ በጣም ተቀርቦ ነበር ማለት ይቻላል። የዛሬው ጥንቃቄ የመጣውም ከእነዚያ ሁለቱ ነው።

የመጀመሪያው በ1976 ነው። ቫይኪንግ 1 እና ቫይኪንግ 2 ማርስ ላይ አረፉ። ከሙከራዎቻቸው አንዱ ቀላል ሐሳብ ነበረው። አፈር ትዘግናለህ፣ ምግብ ያለበት ፈሳሽ ጠብ ታደርግበታለህ፣ ከዚያ የሚበላው ካለ ጋዝ ይወጣል። ጋዝ ወጣ! አፈሩን አስቀድመው በኃይል ሲያሞቁት ደግሞ ጋዙ ቀረ፤ ልክ የነበረው ሕይወት በሙቀቱ እንደሞተ። ሌላው መሣሪያ ግን አፈሩ ውስጥ ለሕይወት የሚያስፈልጉትን የካርቦን ውህዶች ፈልጎ አጣ። አካል ሳይኖር እስትንፋስ ተሰማ እንደማለት ነው። ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር የማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘች። ይህ ጨው ሲሞቅ የካርቦን ውህዶችን ያቃጥላል። ቫይኪንግ ደግሞ የሚፈልገው አፈሩን እያሞቀ ነበር። ስለዚህ የሚፈልገውን ነገር ራሱ አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። ዛሬ አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች የወጣው ጋዝ የአፈሩ ኬሚስትሪ ውጤት ነው ይላሉ። የሙከራው መሪ ጊልበርት ሌቪን ግን ሕይወት አግኝተናል ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከራክረዋል።

ሁለተኛው በ1996 ነው። በ1984 አንታርክቲካ በረዶ ላይ የተገኘ፣ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ከማርስ ተፈንጥሮ የመጣ ድንጋይ ነበር። በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ውስጡ ትል የሚመስሉ እጅግ ደቃቅ ቅርጾች ታዩ። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ወጥተው መግለጫ እስከመስጠት ደረሱ። ኋላ ግን ማስረጃዎቹ አንድ በአንድ ሌላ ማብራሪያ ተገኘላቸው። ትል የሚመስል ሁሉ ትል አይደለም።

ዳሎል ከዚህ ሁሉ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ያገናኘዋል። ይህን ጥያቄ ስመልስ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አፋር ውስጥ፣ ደናክል ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለውን ዳሎልን በፎቶ ያላየ የለም። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ የዛገ ብረት የሚመስለው ቀዩ። አካባቢው ከባህር ወለል በታች ነው። ከመሬት ውስጥ የሚፈላ ውሃ ይወጣል፤ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስን ያልፋል። ውሃው በጨው የጠገበ ነው፤ ተጨማሪ ጨው ቢጣልበት አይሟሟም። አሲድነቱ ደግሞ ከመኪና ባትሪ አሲድ ጋር የሚወዳደር ነው። ሙቀት፣ ጨውና አሲድ አንድ ላይ በዚህ ልክ የሚገናኙበት ሌላ ቦታ ምድር ላይ ማግኘት ይቸግራል።

ሳይንቲስቶች ወደዚያ የሚሄዱት የጥንት ማርስም ጨዋማ፣ አሲዳማና እሳተ ገሞራ የበዛባት ስለነበረች ነው። ሕይወት ዳሎል ውስጥ ከቻለች ማርስ ላይም ችላ ነበር ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ እዚያ ውሃ ውስጥ የሚኖር አለ ወይ?

በ2019 ሁለት መልስ መጣ። በግንቦት የወጣው ጥናት አዎ አለ፤ እጅግ ደቃቅ ህዋሳት ዳሎል ውስጥ አግኝተናል አለ። በጥቅምት የወጣው ሌላ ጥናት አይ አለ። የሁለተኛው ቡድን፣ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ያሉበት፣ ለበርካታ ዓመታት ከብዙ ኩሬዎች ናሙና ወስዶ በተለያየ ዘዴ መርምሯል። ከዳሎል ወጣ ብሎ ባለው የጨው ሜዳና የጨው ገደል ላይ ጨው የሚወዱ ህዋሳት በብዛት አሉ። ጨውም አሲድም በአንድ ላይ ከልክ ባለፈባቸው ኩሬዎች፣ ማግኒዚየም የበዛበት ጨው ባለባቸው ሐይቆችም ግን ምንም የለም። ውሃ አለ፤ ሕይወት የለም።

ይህን ጥናት በጣም የምወድለት ሁለት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ሕይወት የሌለበትን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ውስጡ ድብልብል ያሉ፣ ህዋስ የሚመስሉ ቅንጣቶች ነበሩ። ሲመረመሩ ሲሊካ የበዛባቸው ማዕድናት ሆነው ተገኙ። እንግዲህ አስቡት። እዚሁ ምድር ላይ፣ በእጃችን ይዘነው፣ ቤተ ሙከራ እያለን እንኳ ድንጋይ ህዋስ መስሎ ያታልለናል። ማርስ ላይ አንዲት ሮቨር ይህን ብታይ ምን እንል ነበር?

ሁለተኛ፣ የተገኘው ዘረመል ውስጥ ከሰው ጋር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበሩበት። ዳሎል በየቀኑ ጎብኚ ይመጣል። ሰው ላቡንም፣ ምራቁንም፣ ጫማው ላይ ያለውንም ይዞ ይመጣል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለይተው ማውጣት ነበረባቸው።

ታዲያ እኛው ራሳችን ማርስን በባክቴሪያ አንበክላትም?

እንዳንበክል ሕግ አለ። በ1967 የወጣው የህዋ ስምምነት አገሮች ሌሎች ዓለማትን ጎጂ በሆነ መንገድ እንዳይበክሉ ያዛል። መንኮራኩሮች የሚገጣጠሙት እጅግ ንጹሕ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሠራተኛው ከዓይኑ በቀር ተሸፍኖ ነው የሚገባው። ቫይኪንጎቹ ከመላካቸው በፊት እንደ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ገብተው ከ110 ዲግሪ በላይ ለብዙ ሰዓታት ተጋግረዋል። ሳተርንን 13 ዓመት ያጠናችው ካሲኒ ነዳጇ ሲያልቅ፣ በመስከረም 2017፣ ሆን ተብሎ ሳተርን ላይ ተወርውራ ተቃጠለች። ምክንያቱ ከሳተርን ጨረቃዎች አንዷ ላይ ወድቃ እንዳትበክላት ነው። ያችን ጨረቃ አሁን እናያታለን።

ለምንድን ነው ሁልጊዜ «ውሃ፣ ውሃ» የሚሉት?

የምናውቀው ሕይወት ሁሉ ያለ ፈሳሽ ውሃ ስለማይኖር ነው። ሌላ ዓይነት ሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ግን የማታውቀውን ነገር እንዴት ትፈልገዋለህ? ከምታውቀው ትጀምራለህ።

የሚገርመው፣ ውሃው የተገኘው ማንም ባልጠበቀበት ነው። የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ ላይዋ በረዶ ነው፤ ከሥሩ ግን ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ እጥፍ ገደማ ውሃ እንዳላት ይታሰባል። የሳተርኗ ኢንሴላደስ ደግሞ ዳር እስከ ዳሯ 500 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና የሚኬደውን ያህል። ይህች ትንሽ ጨረቃ ከደቡብ ዋልታዋ ውሃ ወደ ህዋ ትረጫለች። ካሲኒ ይህን በ2005 አይታ በዚያ ርጭት ውስጥ አልፋበታለች። ጨው፣ የካርቦን ውህዶች፣ ሃይድሮጂን ተገኘ። በ2023 ደግሞ የድሮው መረጃ እንደገና ሲታይ ፎስፌት ተገኘበት፤ ዘረመላችን ያለ ፎስፌት አይሠራም። እኔን አንድ ቦታ ምረጥ ብትሉኝ ከማርስ በፊት ኢንሴላደስን እመርጣለሁ። ውሃው ራሱ ወደ ውጪ ይወጣልና መቆፈር እንኳ አያስፈልግም።

በሌላ ኮከብ ዙሪያ ያለ ፕላኔት ላይ ምን እንዳለ እንዴት ይታወቃል? ማን ሄዶ አየ?

ማንም አልሄደም። መሄድም አይቻልም። ለፀሐይ በጣም ቅርብ የሆነው ኮከብ እንኳ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ደግሞ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የሚደረገው ይህ ነው። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን ጥቂቱ በፕላኔቷ አየር ውስጥ ሾልኮ ወደ እኛ ይመጣል። ጠዋት በመስኮት የሚገባ የፀሐይ ጮራ በዕጣን ጭስ ውስጥ ሲያልፍ አይታችኋል? ጭሱ ባይኖር ጮራው ሌላ ይመስል ነበር። እንደዚያው እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ይቀንሳል። በታኅሣሥ 2021 የተወነጨፈው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የጎደለውን ብርሃን አይቶ ጋዙን ይለያል።

ኬ2-18ቢ የሚባለውን ፕላኔት ታዋቂ ያደረገውም ይህ ዘዴ ነው። 124 የብርሃን ዓመት ይርቃል። የካምብሪጁ ኒኩ ማዱሱዳን ቡድን በ2023፣ ከዚያም በሚያዝያ 2025፣ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ምልክት አየሁ አለ። ይህ ጋዝ ምድር ላይ በብዛት የሚመጣው ከባህር ውስጥ ረቂቅ ዕፅዋት ነው። ዓለም ተንጫጫ። ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መረጃ ወስደው ሲያሰሉ ግን ምልክቱ ደካማ ሆኖ አገኙት። ጋዙ ደግሞ ሕይወት በሌለበት ጅራታም ኮከብ ላይም ታይቷል። ቬነስ ላይ በ2020 ፎስፊን የሚባል ጋዝ ተገኘ ሲባልም ተመሳሳይ ክርክር ነበር። እኔ ማዱሱዳንን አልወቅስም። ሐሳቡን በግልጽ አቀረበ፣ ሌሎቹም በግልጽ ፈተሹት።

በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ ፕላኔት አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ስሙም ያምራል። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና» ተባለ፤ ፕላኔቱ ደግሞ «አቦል»። አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ አቅጣጫ ነው ያለው። አቦል ከጁፒተር በክብደት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጋዝ ፕላኔት ስለሆነ እንደኛ ዓይነት ሕይወት አይጠበቅበትም። ግን ሌላ ፕላኔት በዙሪያው ከተገኘ ቶና ማን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

እስከ 2025 ድረስ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጪ የተረጋገጡት ፕላኔቶች 6,000 ደርሰዋል። በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲድዬ ኬሎ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ሲያገኙ ስንቱ ተጠራጥሯቸው ነበር። በ2019 ኖቤል ተሸለሙበት።

በሬዲዮ የመጣ ምልክት የለም?

ፍለጋው በ1960 ተጀመረ። ፍራንክ ድሬክ አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግሪን ባንክ ሆኖ ቴሌስኮፑን ወደ ሁለት ኮከቦች አዞረ። ምንም አልሰማም። ከዚያ ወዲህ የተሰማው ሁሉ ወይ ተፈጥሮ ሆነ፣ ወይ እኛው ሆንን፣ ወይ ተደግሞ አልተገኘም።

ተፈጥሮ የሆነው፦ በ1967 ካምብሪጅ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል በየ1.3 ሰከንዱ ሳያዛንፍ የሚመታ ምልክት አገኘች። ለጊዜው «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» የሚል ስም ሰጡት። ፐልሳር ነበር፤ በፍጥነት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ።

እኛው የሆንነው፦ አውስትራሊያ ፓርክስ ቴሌስኮፕ ላይ ለዓመታት ግራ ያጋባ ምልክት ነበር። በ2015 ምንጩ ተገኘ። ማይክሮዌቭ ምድጃ ሥራውን ሳይጨርስ ሰው በሩን ሲከፍተው የሚወጣ ነበር።

ያልተደገመው፦ ነሐሴ 15 ቀን 1977 ኦሃዮ ውስጥ 72 ሰከንድ የቆየ ኃይለኛ ምልክት ተመዘገበ። ስንት ጊዜ ያንኑ ቦታ አዳመጡ። ጭር።

ዩፎስ (ሰማይ ላይ ታዩ የሚባሉት ማንነታቸው ያልታወቀ ነገሮች)?

ናሳ ያቋቋመው ገለልተኛ ቡድን በመስከረም 2023 ሪፖርቱን አወጣ። ከሌላ ዓለም ለመምጣታቸው ማስረጃ አላገኘም። ማንነቱ ያልታወቀ ነገር ማለት ማንነቱ ያልታወቀ ማለት ብቻ ነው።

ለእነሱ መልእክት ልከናል ይባላል፤ አማርኛ አለበት?

የለበትም፤ ይህ ትንሽ ይቆጨኛል። በ1977 የተላኩት ቮዬጀር የተባሉት ሁለት መንኮራኩሮች በወርቅ የተለበጠ የድምፅ ሸክላ ይዘዋል። በ55 ቋንቋ ሰላምታ አለበት። ከአፍሪካ ሉጋንዳ፣ ሶቶና ቺኒያንጃን የመሳሰሉ አሉ፤ ሺህ ዓመታት ሳይነገሩ የቆዩት ሱመርኛና አካድኛም አሉ። አማርኛም ግዕዝም የሉም።

ከሃይማኖት ጋር አይጋጭም?

ሳይንሱ የሚጠይቀው «አለ ወይ?» ብቻ ነው፤ ማን ፈጠረው የሚለውን አይነካም። የቫቲካን የሥነ ፈለክ ተቋም ኃላፊ የነበሩት ካህን ሆሴ ጋብሪኤል ፉኔስ በ2008 ሲጠየቁ፣ ሌላ ዓለም ላይ ፍጡር አለ ብሎ ማሰብ ከእምነት ጋር አይጋጭም ብለዋል። በጭቅጭቁ የሚደክም ሰው ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው።

መልሱ መቼ ይመጣል?

ቀኑን ማንም አይነግራችሁም። ጉዞዎቹን ግን መናገር ይቻላል። በጥቅምት 2024 የተወነጨፈችው የናሳ መንኮራኩር ዩሮፓ ክሊፐር በሚያዝያ 2030 ጁፒተር ትደርሳለች፤ ዩሮፓን 49 ጊዜ በቅርብ ታልፋታለች። ዋና ሥራዋ ቦታው ለሕይወት ይመች እንደሆነ ማየት ነው። የአውሮፓዋ ጁስ በ2031 ትከተላለች። ቻይና ቲያንዌን 3ን በ2028 ገደማ ልካ የማርስ ናሙና ለማምጣት አቅዳለች። ድራጎንፍላይ የምትባለው በራሪ መንኮራኩር ደግሞ የሳተርን ጨረቃ ወደሆነችው ታይታን ለመሄድ እየተዘጋጀች ነው።

እስከዚያው ደመና በሌለበት ምሽት ጁፒተርን ፈልጉት። ከጨረቃና ከቬነስ ቀጥሎ ደምቆ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የሩቅ ማያ መነጽር ካላችሁ፣ ተራ የወፍ ማያም ቢሆን፣ ክንዳችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ እዩት። በግራና በቀኙ በአንድ መስመር የተደረደሩ ትንንሽ ነጥቦች ይታያሉ፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት። ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው ጨረቃዎች ናቸው። አንዷ ዩሮፓ ናት።